ፍላትዋውንድ ክር በባለ ስድስት ክር ጊታር ላይ፦ ለአጃቢ ተጫዋች የተጻፈ ግምገማ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ካሉ ጊታር ተጫዋቾች ጋር ስለ ክር ሲወራ ፍላትዋውንድ የቤዝ ጊታር ክር ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። በሊድ ጊታር ላይም እንደሚታሰር የሚያውቁት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ዋጋውን ሲሰሙ ነገሩን እዚያው ይተዉታል። እኔ ክሩን በኤሌክትሪክ ጊታሬ ላይ አስሬ ድምፃውያንን በማጀብ ሥራ ላይ አውዬዋለሁ፤ በሆቴል ምሽት፣ በጥር ሰርግና ከማሲንቆ ጋር በተቀናጀ ዝግጅት ሞክሬዋለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ዘፋኝ ለሚያጅብና ዝግ ያለ ዜማ ለሚያዘወትር ተጫዋች ፍላት ከተለመደው ክር እጅግ የተሻለ ነው፤ ክር እየገፋ ሶሎ ለሚጫወት ሰው ግን ዋጋውን አያወጣም። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር አቀርባለሁ።

የክሩ አሠራር ቀላል ነው። የጊታር ወፍራም ክሮች መሀላቸው ላይ አንድ የብረት ሽቦ አላቸው፤ በዚያ ሽቦ ዙሪያ ሌላ ሽቦ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይጠመጠማል። በተለመደው ክር፣ ማለትም በራውንድዋውንድ፣ የሚጠመጠመው ሽቦ ድቡልቡል በመሆኑ የክሩ ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቃቅን ጉብታዎች የተሞላ ነው። በፍላትዋውንድ ላይ የሚጠመጠመው ግን ተዳምጦ የጠፈጠፈ ብረት፣ ብዙውን ጊዜም የማይዝግ ብረት ነው። ድቡልቡሉ ሽቦ ከተጠመጠመ በኋላ ላዩ ተፍቆ የሚስተካከልበት መካከለኛ ዓይነትም አለ፤ ድምፁም ሆነ ስሜቱ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። አንድ ክር የትኛው እንደሆነ ለመለየት የአውራ ጣትን ጥፍር በስድስተኛው፣ ማለትም በወፍራሙ ክር ላይ ከብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ ሰሌዳ በኩል ከሚያርፉበት) ወደ አንገቱ ማስኬድ ይበቃል፤ ራውንዱ ዝርርር ይላል፣ ፍላቱ ጥፍሩን ያለ ድምፅ ያሳልፈዋል።

ነገሩ የዛሬ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በኤሌክትሪክ ጊታርና በቤዝ ላይ ፍላት ማሰር የተለመደ ነበር፤ ሮክ ሲስፋፋ ብሩህና ተናካሽ ድምፅ ተፈለገና ራውንዱ ቦታውን ወሰደ። የጃዝ ሰዎች ግን አልለቀቁትም። ክሩን በአውራ ጣቱ ሥጋ እየመታ ይጫወት የነበረው አሜሪካዊው ዌስ ሞንትጎመሪ (1923–1968) በወፍራም ፍላት ይታወቃል፤ በቤዝ በኩል ደግሞ ሞታውን የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ቤዚስት የነበረው ጄምስ ጀመርሰን ላቤላ የተባለውን ክር ሠሪ ፍላት ይጠቀም ነበር። ዛሬም ዳዳሪዮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ‹ክሮምስ› በሚል ስም፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በቪየና የተመሠረተው ቶማስቲክ ኢንፌልድ ደግሞ ‹ጃዝ ስዊንግ› በሚል ስም ለባለ ስድስት ክር ጊታር ፍላት ያመርታሉ።

እኔ ያሰርሁት ከ11 እስከ 50 ያለውን የክሮምስ ስብስብ ነው። ቁጥሮቹ የክሩን ውፍረት በአንድ ሺህኛ ኢንች ይለካሉ፤ 11 ማለት 0.28 ሚሊ ሜትር፣ 50 ማለት 1.27 ሚሊ ሜትር ነው። ስብስቡ 11፣ 15፣ 22፣ 30፣ 40 እና 50 ሲሆን፣ በየሱቁ የሚገኘው የተለመደው ራውንድ ስብስብ 10፣ 13፣ 17፣ 26፣ 36 እና 46 ነው። አዲስ ተጠቃሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመጨረሻውን 50 ቁጥር ነው፤ ክሩ ይከብደኛል ብሎም ይሰጋል። ዋናው ለውጥ ያለው ግን ሦስተኛው ክር ላይ ነው። በተለመደው ስብስብ ሦስተኛው ክር ጥምጥም የሌለበት 17 ቁጥር ሽቦ ሲሆን፣ በፍላቱ ስብስብ ጥምጥም ያለበት 22 ቁጥር ነው። የክሩ መልካምነትም ሆነ ጉዳት በአመዛኙ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከመልካሙ ልጀምር። በራውንድ ክር ላይ ጣት ከአንድ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ድምፆችን ከሚለየው የብረት ዘንግ) ወደ ሌላው ሲንሸራተት የጥምጥሙን ጉብታዎች እየመታ ስለሚያልፍ ሲጥ የሚል ድምፅ ያወጣል፤ እጅ በፈጠነ ቁጥር ሲጥታው እየቀጠነ ይሄዳል፣ አምፕሊፋየሩ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ከዜማው እኩል ይሰማል። በፈጣን ዘፈን ላይ ድራሙና ኪቦርዱ ስለሚሸፍኑት ማንም ልብ አይለውም። ዘፋኙና ጊታሩ ብቻቸውን በሚቀሩበት ትዝታ ወይም አምባሰል ላይ ግን የሚሸፍነው ነገር የለም።

አምባሰልን እንመልከት። መነሻውን ሲ ብናደርገው ቅኝቱ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ጂ እና ጂ ሻርፕ ይሆናል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ድምፅ፣ እንዲሁም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ፣ በጊታር አንድ ፍሬት ብቻ ነው። ጥሩ ዘፋኝ እነዚህን ቦታዎች ረግጦ አያልፋቸውም፤ ከላይኛው ወደ ታችኛው እያንሸራተተ፣ ድምፁን እያስረቀረቀ ይመላለስባቸዋል። አጃቢው ይህን በጊታር ሲከተል በአምስተኛው ክር ላይ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ፍሬት፣ በአራተኛው ክር ላይ ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ፍሬት ጣቱን ሳያነሣ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታል። በራውንድ ክር እያንዳንዱ ምልልስ የራሱን ሲጥታ ይጨምራል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ተጫዋቾች መንሸራተቱን ትተው ድምፆቹን ነጣጥለው መምታትን ይመርጣሉ፣ ዜማውም ደረቅ ይሆናል። በፍላት ክር ያው እንቅስቃሴ ሲደረግ የሚሰማው ዜማው ብቻ ነው። ጣቱ ከፍሬት ወደ ፍሬት ሲሻገር የሚያጋጥመው መያዝ የለም፤ ስለዚህም ተጫዋቹ ሳይታወቀው የመንሸራተቱን ርዝመት መጨመርና የዘፋኙን እስትንፋስ መከተል ይጀምራል። ለእኔ ክሩ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ድምፁም የተለየ ነው። ከፍተኛው የቀጭን ድምፅ ክፍል ቀንሶ መካከለኛውና ወፍራሙ ጎልቶ ይወጣል፤ ክሩ ከተመታ በኋላ ያለው ነዘሬታም አጠር ይላል። ይህ ሲነበብ ጉድለት ሊመስል ይችላል። ከማሲንቆና ከሴት ድምፅ ጋር ለሚጫወት ሰው ግን እፎይታ ነው፤ ምክንያቱም የፈረስ ጭራው ማሲንቆ፣ የዘፋኟ ጉሮሮና የራውንድ ክር ብሩህነት ሦስቱም በአንድ አካባቢ ይጋፋሉ። ጊታሩ ወደ ታች ሲወርድ ለሌሎቹ ቦታ ይተዋል። አብረውኝ የሚሠሩ በዕድሜ የገፉ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ክሩን በቀየርሁበት ምሽት ‹ልጄ፣ ዛሬ ጊታርህ አደብ ገዝቷል፤ ምን አደረግኸው?› ሲሉ ጠየቁኝ። ‹ክሩን ቀይሬው ነው፣ ጋሼ› አልኋቸው። ‹እንግዲያው የድሮውን እንዳትመልሰው› ብለው ወደ ማሲንቋቸው ተመለሱ። ጅማት ክር የታሰረበትን የቀድሞ ክራር የሰማ ጆሮ በዚህ ድምፅ ውስጥ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል።

ወደ ጉዳቱ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ፍላት የሚባለው ስብስብ ሙሉ በሙሉ ፍላት አለመሆኑ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ክር በየትኛውም ስብስብ ጥምጥም የሌላቸው ተራ የብረት ሽቦዎች ናቸው። ስለዚህ አራቱ ወፍራም ክሮች ለስለስ ብለው ሲናገሩ ሁለቱ ቀጫጭኖች እንደ ድሮው ይጮኻሉ፤ ኮርድ ሲመታ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል። በአምፕሊፋየሩ ላይ የትሬብሉን መጠን መቀነስ ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ወፍራሞቹ ይባስ ይደበዝዛሉ፣ ድምፃቸውም የመንዝ ባና የደረበ ይመስላል። እኔ የደረስሁበት መፍትሔ በአንገቱ በኩል ያለውን ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ተቀብሎ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልከውን ክፍል) ትቶ መካከለኛውን መጠቀም፣ ፒካፑ የሚነሣና የሚወርድ ከሆነ ደግሞ በአንደኛውና በሁለተኛው ክር በኩል ያለውን ጎኑን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ ብቻ ልዩነቱን ግማሽ በግማሽ ያጠበዋል ብዬ እገምታለሁ።

ሁለተኛው ጉዳት የክራር አመታትን የሚመለከት ነው። በብሪጁ አጠገብ በፒክ ፈጠን ብሎ እየመቱ ጊታሩን ክራር ማስመሰል በእኛ አገር ተጫዋቾች ዘንድ የተወደደ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ የሚያምረው በክሩ ብሩህነት ስለሆነ ፍላት ላይ አይሠራም፤ ምቱ ይሰማል፣ ማንጸባረቁ ግን የለም። የእስክስታ ዘፈን የሚበዛበት ሥራ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ጊታሩን በጭፈራ መሀል ሲጫወቱት ኪቦርዱ ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ በሰርግ ላይ ይህ ደርሶብኛል፣ ድምፁን በመጨመርም አልተስተካከለም።

ሦስተኛውና ትልቁ ጉዳት ቤንድ፣ ማለትም ድምፁ ከፍ እንዲል ክሩን በጣት ወደ ጎን መግፋት ላይ ነው። ከሮሃ ባንድ ዘመን ጀምሮ ጆሯችን የለመደው የሊድ ጊታር ድምፅ ብሩህና ተለማጭ ነው፤ ሶሎው ውስጥ የሚያለቅሰው ድምፅ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን ወይም ሁለተኛውን ክር በጣት በመግፋት ነው። ጥምጥም የሌለው 17 ቁጥር ክር ሙሉ ድምፅ እስኪወጣ ድረስ በቀላሉ ይገፋል። ጥምጥም ያለው 22 ቁጥር ግን ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ አንደኛ የበለጠ የተወጠረ ነው፣ ሁለተኛ የድምፁ ከፍታ የሚለወጠው በመሀሉ ያለው ቀጭን ሽቦ በተሳበው ልክ ስለሆነ ያንኑ ያህል ተገፍቶ የሚሰጠው ለውጥ ያነሰ ነው። ግማሽ ድምፅ ያወጣል፤ ከዚያ በላይ ጣት ያማል። ‹ልምድ ነው፣ ይለመዳል› የሚሉ አሉ፤ እኔ አልተስማማሁም። ሶሎህ በቤንድ ላይ የቆመ ከሆነ ራውንድህን ይዘህ ቆይ።

ክሩን ለማሰር የወሰነ ሰው ጊታሩም መስተካከል እንዳለበት ይወቅ። ከ10 ቁጥር ስብስብ ወደ 11 ፍላት ሲታለፍ ጊታሩ የሚሸከመው ውጥረት ስለሚጨምር አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፤ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፉ አጥብቆ፣ ጊታሩን አሳድሮ እንደገና ማየት ይገባል። ተወዛዋዥ ብሪጅ ያላቸው ጊታሮች ከሆኑ ብሪጁ ከመቀመጫው ስለሚነሣ በጀርባ በኩል ያሉትን ስፕሪንጎች ማጥበቅ ወይም አንድ መጨመር ያስፈልጋል። በአንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ነት ለ17 ቁጥር የተቆረጠ ከሆነ 22 ቁጥሩ ሰርጡ ውስጥ በደንብ አይቀመጥም፤ ክሩ ሲቃኝ ጥቅ የሚል ድምፅ እያሰማ በዝላይ ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ሰርጡን በስሱ ሞረድ ማስፋት አስቸጋሪ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች መሞረድ የለበትም፣ ወደ ታች ከወረደ ክሩ የመጀመሪያውን ፍሬት እየነካ ዝዝ ይላል።

የሦስተኛው ክር የብሪጅ መቀመጫም ቦታው ይለወጣል። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በመንካት የሚወጣው ድምፅና ፍሬቱን ተጭነው የሚወጣው ድምፅ እኩል መሆን አለባቸው፤ ተጭነው የሚወጣው ከቀነሰ መቀመጫው ወደ አንገቱ ይቀርባል፣ ከበለጠ ይርቃል። ጥምጥም ያለው ሦስተኛ ክር ብዙውን ጊዜ ወደ አንገቱ መቅረብን ይፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ ክሩን አስረው ‹ፍላት አይቃኝም› የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ጥፋቱ የክሩ አይደለም።

ክሩ ሲቆረጥ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ፍላት በባዶው ከተቆረጠ ጠፍጣፋው ጥምጥም ከጫፉ ይፈታል፤ ከተፈታም እየተንሸራተተ ወደ መሀል ይገባና ክሩ ድምፁ ይሞታል። መቃኛ ቁልፉን ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ዙር የሚበቃ ትርፍ ትቶ፣ ክሩን በፒንሳ አጥብቆ ይዞ ቀጥ ባለ ማዕዘን ማጠፍ፣ ከእጥፋቱ በላይ ያለውን ብቻ መቁረጥ ነው። እጥፋቱ ጥምጥሙን ቆልፎ ይይዘዋል። ስድስተኛው ክር ወፍራምና ግትር በመሆኑ በርካሽ ጊታሮች ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ይታገላል፤ በጉልበት ከመግፋት ጫፉን በጥቂቱ ማሾል ይሻላል።

ስለ አገሩ ጠባይም ጥቂት ማለት ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ጠዋት የብረት ክር መያዝ የሚያስመርር ነገር ነው። በቀዘቀዘ ጣት ላይ የፍላቱ ልስላሴ በግልጽ ይታወቃል፤ ራውንዱ የሚከረክረውን ያህል አይከረክርም። በቅኝት በኩል ግን ከራውንዱ የሚለይበት ነገር የለም። ሥራ ተገኝቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ ሰው በመቶ ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም በብርድ የተቃኘ ክር እዚያ ሲደርስ ላልቶ ይገኛል። ጊታሩን ከሻንጣው አውጥቶ ከመጫወት በፊት የአካባቢውን ሙቀት እንዲላመድ መተው ብቸኛው መፍትሔ ነው። ሲመለሱ ደግሞ በተቃራኒው ክሩ ጠብቆ ቅኝቱ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ከመንገድ በፊት ሁሉንም ክሮች በትንሹ ላላ ማድረግ አንገቱንም ይጠቅማል።

ዋጋው ከተለመደው ስብስብ ከእጥፍ በላይ ነው፤ የቪየናው ከዚያም ይብሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ለባለ ስድስት ክር የሚሆን ፍላት በሱቅ አላገኘሁም፤ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ መግዛት ወይም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ማስላክ ግድ ይላል። ሆኖም ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ራውንድ ቶሎ የሚሞተው ላብና እድፍ በጥምጥሙ ጉብታዎች መካከል ስለሚከማች ነው፤ በፍላት ላይ ያ ክፍተት ስለሌለ ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። በሳምንት ብዙ ምሽት የሚሠራ ሰው ራውንድን በየጊዜው ሲቀያይር፣ ፍላቱ ለወራት ድምፁን ሳይለውጥ ይቆያል፤ እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብረታማ ድምፁ ከጠፋ በኋላ ነው የሚጥመው። የታወቁ ምርቶች ሐሰተኛ ቅጂ በገበያ ስላለ ገዢው ማሸጊያውን በዓይኑ ብቻ አይመን፤ ሻጩን አስፈቅዶ አንዱን ክር አውጥቶ ከላይ የጠቀስሁትን የጥፍር ሙከራ ቢያደርግ አይከፋም።

በቦክስ ጊታር ላይ ይህን ክር ማሰር አልመክርም። ለኤሌክትሪክ የተሠራ የብረት ፍላት ያለ ፒካፕ ደካማና ድምፀ ስውር ነው፤ ለቦክስ ጊታር ከነሐስ ቅይጥ የሚሠሩ፣ ላያቸው የተፋቀ ክሮች ስላሉ እነሱን መፈለግ ይሻላል። ናይለን ክር የሚታሰርበት ጊታር ከሆነ ግን ፍላትም ሆነ ራውንድ፣ ማናቸውንም የብረት ክር ማሰር ፈጽሞ አይገባም፤ ጊታሩ የተሠራው ለቀላል ውጥረት በመሆኑ ብሪጁ ከሰሌዳው ተገንጥሎ ይነሣል።

ለመሞከር ለሚያስብ አንድ ምክር አለኝ። ጊታሩ 64.8 ሴንቲ ሜትር የክር ርዝመት ካላቸው ረዣዥሞቹ ወገን ከሆነ ከ10 እስከ 48 ባለው ቀለል ያለ ስብስብ መጀመር ይበጃል፤ ክሩ በረዘመ ቁጥር ለዚያው ድምፅ የሚያስፈልገው ውጥረት ስለሚጨምር ነው። 62.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ባላቸው አጫጭሮቹ ላይ 11ዱ ይመቻል። ከስብስቡ ጋር ሁለት ወይም ሦስት ተራ አንደኛ ክር በትርፍ መያዝም ያስፈልጋል፤ ፍላት በታሰረበት ጊታር ላይ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ያ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ተራው 11 ቁጥር ክር ደግሞ ያለ ምንም ችግር ይተካዋል።